ካልፈለጉ ማለፍ ይችላሉ

የማመልከቻው ቅጽ ሦስተኛ ገጽ ላይ «ሃይማኖት» የሚል ሳጥን አለ። ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «ካልፈለጉ ማለፍ ይችላሉ» ይላል። የማመለክተው እዚህ አሜሪካ ላለ የሥነ መለኮት ትምህርት ቤት ነው። ዓይኔን ማመን አቅቶኝ ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ከዚያ አለፍሁት። ቀጥሎ የመጣው ሳጥን ግን የሚታለፍ አልነበረም። «የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ያገኙት ዲግሪ፣ የነጥብ ማስረጃ» ይላል። «ዲማ ጊዮርጊስ፣ ቅኔ ቤት፣ ስድስት ዓመት» ብዬ ጻፍሁ። ለቅኔ ቤቱ ዲግሪ የሚለው ላይ ስደርስ የምጽፈው አጣሁ። ባዶውን ልተወው ብሞክር ኮምፒውተሩ አልቀበልም አለ።

እነዚህ ሁለት ሳጥኖች ከአእምሮዬ አልወጡም። እዚህ ማመን አለማመኔን የሚጠይቀኝ የለም፤ የተማርሁትን ግን የሚያውቅልኝ የለም። ጎጃም ውስጥ ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ቆየሁ ስል ሽማግሌው ሁሉ ከመቀመጫው ብድግ ይልልኛል፤ አላምንም ብል ግን የምቆምበት ቦታ የለኝም።

አሜሪካ ውስጥ ሁሉም ትምህርት ቤት እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። የፓስተር ደብዳቤና የእምነት መግለጫ ያልያዘ ሰው ደጃቸውን የማይረግጥባቸው ሴሚናሪዎች ብዙ ናቸው። በትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያሉት ግን ሌላ መንገድ ከያዙ ቆይተዋል። የሃርቫርዱ በእነርሱ አቆጣጠር በ1816 ሲቋቋም ሰባኪዎችን ለማሠልጠን ነበር፤ ዛሬ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ቡድሂስቱም፣ ምንም የማያምነውም አንድ ክፍል ውስጥ ይማራል። በ2021 የዚያው ዩኒቨርሲቲ የየእምነቱ አገልጋዮች ተሰብስበው መሪያቸው እንዲሆን የመረጡት በእግዚአብሔር መኖር የማያምን ሰው ነው። ይህን ለአገሬ ሰዎች ስነግር የሚያምነኝ አላገኘሁም። በእነዚህ ትምህርት ቤቶች ለአገልግሎት የሚያዘጋጀው ትምህርት ሦስት ዓመት፣ ለጥናት ብቻ የሆነው ሁለት ዓመት ይፈጃል። እኔ የምፈልገው የሁለት ዓመቱን ነው።

ሳታምን ምን ልታደርግ ትገባለህ የሚለኝ ብዙ ነው። አንድምታን ላጠና ነው። የመጻሕፍት መምህር አንዱን ቃል ይተረጉምና፣ የተረጎመውን ሳይሽር «አንድም» ብሎ ሌላ ትርጉም ይደርብበታል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ሦስቱም ትርጉሞች አንዱ ሌላውን ሳይጥል ጎን ለጎን ይቆማሉ። ልጅ ሆኜ ከመጽሐፍ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጬ ይህን ስሰማ የተሰማኝን ነገር ከዚያ በኋላ በየትኛውም ዩኒቨርሲቲ አላገኘሁትም። እምነቴ ከእኔ ከሄደ ዓመታት አለፉ፤ ያ «አንድም» ግን አልሄደም።

የድጋፍ ደብዳቤ ሦስት ያስፈልገኝ ነበር። ሁለቱን እዚሁ አገኘሁ። ሦስተኛውን ከቅኔ መምህሬ ከየኔታ ለመቀበል ኅዳር ላይ አገር ቤት ገባሁ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ ዓባይን ተሻግረን፣ ደጀን ወጣን፤ ከዚያ ወደ ቢቸና። ጤፉ እየታጨደ ነበር።

እናቴን «መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ልገባ ነው» ብዬ በስልክ ነግሬያት ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሌላ አጭር ቃል አላገኘሁም። ስደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። እልል ተባለ። ጎረቤታችን እጄን ይዘው «ኪዳነ ምሕረት ሰማችኝ፤ ለእናትህ ስለት ተስዬ ነበር» አሉኝ። ጠላ ተጠምቋል፣ በግ ታርዷል። ያን ቀን አፌን መክፈት አልቻልሁም። በማግሥቱ ጠዋት ቡና ስትቆላ ብቻዋን አገኘኋትና ነገርኋት። ቡናው እስኪያር ድረስ ዝም አለች።

«ታዲያ ሳታምን ምን ብለው ይቀበሉሃል?» አለችኝ በመጨረሻ።

«ለመማር ነው እማዬ። መጽሐፉን ለማንበብ።»

«እዚህስ መጽሐፍ ጠፍቶ ነው ባሕር የተሻገርኸው?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ እስከ ዛሬም በደንብ የሚያረካኝ የለኝም። መጽሐፉማ እዚያው አገር ቤት ነው። ግን ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ አንድ ገዳም ሄጄ አንድ የብራና መጽሐፍ ልይ ብል ዕቃ ቤት ጠባቂው «ማን ላከህ? የንስሐ አባትህ ማን ናቸው?» ብለው መለሱኝ። በሚኒሶታ በአንድ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ግቢ ያለ ቤተ መጻሕፍት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የአገራችንን ብራናዎች በማይክሮፊልም ይዟል። ብዙዎቹን እያነበቡ፣ ምን እንደሆኑ እየለዩ የመዘገቡት በአብነት ትምህርት ያደጉት የእኛው ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እኔ ከቤቴ ሆኜ ስሜንና አድራሻዬን ብቻ አስመዝግቤ የዚያን ቤት ብራናዎች አነበብሁ። የንስሐ አባቴን ስም የጠየቀኝ አልነበረም። ጠባቂውን ግን አልወቅሳቸውም። መቅደላ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1868 ከተዘረፈ ወዲህ፣ እንግዳ መስሎ መጥቶ ብራና ይዞ የሚጠፋው ብዙ ነው። የሚያሳዝነኝ የአገሩን ልጅ ከሌባ የሚለዩበት መንገድ «የማን ንስሐ ልጅ ነህ?» ከማለት ሌላ አለመኖሩ ነው።

የኔታ ጎጆ ስደርስ ማለዳ ነበር። ተማሪዎቹ ደበሎ ለብሰው በየጥሻው ተበትነዋል፤ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ቅኔ እየቆጠሩ፣ ማለትም በልባቸው እየተቀኙ ነው። አኩፋዳዬን ይዤ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ የዞርሁባቸው ቤቶች ጭስ ከማዶ ይታያል። እዚህ አሜሪካ ለማመልከቻው ብቻ ከፍያለሁ፤ ካለፍሁ በኋላ የምከፍለውን ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። እዚያ ገበሬው ከልጆቹ አፍ ቀንሶ አስተምሮኛል። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ሳንቲም የጠየቀኝ ሰው የለም። ያን ጊዜ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ ውሻ ሲነክሰኝ ብቻ አለቅስ ነበር።

ለየኔታ ሁሉንም ነገርኋቸው። ጭራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እያወዛወዙ ሰሙኝ።

«አለማመንህን እነርሱ ጠይቀውህ ነው?»

«የለም፣ የኔታ። ካልፈለግህ እለፈው ነው የሚሉት።»

«ታዲያ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?»

«እርስዎን ዋሽቼ ደብዳቤ መቀበል ስላልፈለግሁ ነው።»

ትንሽ ቆዩ። «ቀተለ የሚለውን የግዕዝ ግስ አርባልኝ» አሉኝ።

«ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል፣ ይቅትል» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ።

«መወድስ ስንት ቤት ነው?»

«ስምንት።»

«የማውቀውን እጽፋለሁ። የማላውቀው የእግዚአብሔር ነው» አሉና ወረቀት አስመጡ።

እዚህ ያሉ ወገኖቼ ይህን ቢሰሙ እወድ ነበር። በዚያው ሰሞን እዚህ ከተማ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ላይ አንድ ወንድም በሰው ፊት «አንተማ ከሃዲ ነህ፤ ስማችንን አታስጠራ» ብሎኛል። እሱ ግስ አይገስስም፤ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ቅኔ ከመወድስ አይለይም። ስድብን ከየት ተማረው? ዕድሜ ልካቸውን በዚያ መጽሐፍ ላይ ያሳለፉት የኔታ አልሰደቡኝም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ደብዳቤው አንድ ገጽ ነው፤ በቀይና በጥቁር ቀለም ተጽፎ የደብሩ ማኅተም አርፎበታል። ትምህርት ቤቱ እኔ ራሴ እንድተረጉመው አይፈቅድም፤ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ መሆን አለበት። ከፈልሁና ለአንድ የትርጉም ድርጅት ሰጠሁ። ከሳምንት በኋላ ተተርጉሞ ሲመጣ ተቀምጬ አነበብሁት። የኔታ «ሙሉ ቤት ቆጥሯል፤ ሲዘርፍም አይቼዋለሁ» ብለው ነበር የጻፉት። ተርጓሚው «በቤቱ ያለውን ሁሉ ቆጥሯል፤ ሲቀማም በዓይኔ አይቼዋለሁ» አድርጎታል። ስድስት ዓመት የለፋሁበት ነገር ስርቆት ሆኖ ነው የመጣው። ማመልከቻው በገና ሰሞን ይዘጋል፤ የቀረኝ አራት ቀን ነበር። ስልክ ደወልሁ። ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነስቶ እስከ ላይ ሲሞላ ሙሉ ቤት እንደሚባል፣ ሳይጽፉ በቃል መቀኘት መዝረፍ እንደሚባል አስረዳሁ። ልጁ አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ ጨዋ ልጅ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ከልቡ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ድርጅቱ ግን ለማረሚያው እንደገና አስከፈለኝ።

ስልኩን ልዘጋ ስል ልጁ «አንድ ነገር ቀርቷል» አለኝ። «ደብዳቤው ‹ኃይለ ጊዮርጊስ› ስለሚባል ተማሪ ነው የሚያወራው። ከፓስፖርትዎ ስም ጋር አይገጥምም። በስህተት የገባ ከሆነ ላውጣው?»

ትዝ አለኝ። የኔታ ብዕሩን ከማንሳታቸው በፊት «ክርስትና ስምህ ማን ነበር?» ብለውኝ ነበር። ለጸሎት መስሎኝ ነገርኋቸው።

«አይወጣም» አልሁት። «ያ ተማሪ እኔ ነኝ።»

በሁለት ስም የምጠራ መሆኔን የሚገልጽ ተጨማሪ ወረቀት ትምህርት ቤቱ ይጠይቀኝ ይሆናል። እጽፋለሁ።