ድዳችንን የሚጎዳው ቫይረስ ነው ወይስ ያልጸዳ ጥርስ?

ተከራካሪዎቹ የፒያሳ ነዋሪ የሆነች እናትና ካዛንቺስ የሚሠራ የጥርስ ሐኪም ናቸው።

እናት፦ ልጄን ሁለት ዓመት ሳይሞላው ምች መታው። ትኩሳቱ አልወርድ አለ፣ ድዱ ቀልቶ አበጠ፣ ምላሱ ላይ ትንንሽ ቁስል ወጣ፣ ውሃ እንኳ እምቢ አለ። እናቴ ዳማከሴ አሽታ ቀባችው። ሐኪም ቤት ግን ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባል ቫይረስ ነው አሉን። ከዚያ ወዲህ ማንበብ ጀመርኩ። የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው የድድ በሽታ ተመራማሪ ዮርገን ስሎትስ፣ ኤፕስታይን ባርና ሳይቶሜጋሎ የሚባሉት የሄርፒስ ዘመዶች በታመመ ድድ ኪስ ውስጥ፣ ማለትም በድድና በጥርስ መካከል ባለው ክፍተት፣ እንደሚገኙና ለባክቴሪያው መንገድ እንደሚከፍቱ ለዓመታት ጽፏል። ታዲያ እኔ ድዴ በደማ ቁጥር ለምን «አትቦርሺም» ብቻ እባላለሁ?

ሐኪም፦ እህቴ፣ የልጅሽ ምች ሌላ፣ ያንቺ ድድ ሌላ። የልጁ በሁለት ሳምንት ገደማ ይድናል። ሃራልድ ሎ የተባለ የጥርስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ዴንማርክ ውስጥ 12 ጤነኛ ሰዎችን ጥርስ ማጽዳት አስቆማቸው። ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ተመለሰ። ቫይረስ የሰጣቸው የለም። አፉን በደንብ የሚያጸዳ ሰው ድዱ አይታመምም።

እናት፦ አይታመምም? እናቴ መፋቂያ ከአፏ አይለይም። ስኳር ያዛት፣ የፊት ጥርሶቿ ተነቃንቀው ወለቁ። እሷን ነው ቆሻሻ የምትላት? ደግሞ ያ ጥናት ያሳየው የድድ መቆጣትን ነው። ጥርስን የያዘው አጥንት ሲበላ አላሳየም።

ሐኪም፦ እናትሽን ማን ሰደባቸው? ስኳር የድድ በሽታን እንደሚያባብስ እናውቃለን። ቫይረሱን ግን እይው። ድድ ሲቆጣ ነጭ የደም ሴሎች እዚያው ይሰበሰባሉ፤ እነዚያ ቫይረሶች ደግሞ የሚደበቁት በእነሱ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሽታው ራሱ ጠርቷቸው ሊሆን ይችላል። ለቅሶ ቤት የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይደለም። ሰው ያንቺን ወሬ ሰምቶ ጥርሱን ማሳጠቡን ትቶ ፋርማሲ አሲክሎቪር የሚባለውን የሄርፒስ መድኃኒት ሊገዛ ቢሄድስ?

እናት፦ መድኃኒት ስጡኝ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። «አይታመምም» ያልከውን ግን ዘለልከው። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ የያዘ ሰው ሁሉ እየሰማ «ጥርስሽን አታጸጂም እንዴ?» ተባልኩ። ጠዋትም ማታም የምቦርሽ ሰው ነኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ሐኪም ጋ አልሄድኩም። ስስቅ እጄ አፌ ላይ ነበር።

ሐኪም፦ እንደዚያ መናገራቸው ነውር ነው፣ አልከላከልላቸውም። ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ቫይረስም ይሁን ባክቴሪያ ሥራውን አላቆመም። በጥርስና በድድሽ መካከል ያለው ኪስ ስንት ሚሊሜትር ነው? ተለክቶልሻል?

እናት፦ አልተለካም። በመስታወት አይተው ነው የፈረዱብኝ። ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ፣ ለካው። ከዚያ በፊት ግን ያቺን «አይታመምም» የምትለዋን አንሳልኝ።