ፎቶውን የሚያሳንሰው ማን ይሁን?

ፎቶ ስንልክ ስለ ክብደቱ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ጋለሪ ይከፈታል፣ ይመረጣል፣ ይላካል። አልሄድ ሲል ኔትወርኩ ይረገማል። ኔትወርክ የሚረገምበት ምክንያት ሞልቷል፤ ይሄኛው ግን ብዙ ጊዜ የእሱ ጥፋት አይደለም። ፎቶ ወደ ኢንተርኔት ከመውጣቱ በፊት መጠኑን መወሰን ያለበት የሚልከው ሰው ነው ባይ ነኝ። ለመተግበሪያው ከተውነው እንዳሻው ያደርገዋል፤ እንዳለ ከለቀቅነው ደግሞ ዕዳው ለተቀባዩ ይተርፋል።

12 ሜጋፒክሰል የሚባለው የስልክ ካሜራ የሚያነሳው ፎቶ 4000 በ3000 ፒክሰል ነው፤ ሲባዛ 12 ሚሊዮን ነጥብ። እያንዳንዷ ነጥብ ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ባይት ስለምትወስድ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ 36 ሜጋባይት ይሆን ነበር። ጄፔግ የሚባለው የተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት ጨምቆ ወደ 3 ወይም 5 ሜጋባይት ያወርደዋል። የሚታይበት ስክሪንስ? ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080 ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ነጥብ ገደማ። ፎቶው ስክሪኑን ጢም አድርጎ ቢሞላው እንኳ ከየስድስቱ ነጥቦች አምስቱ የሚቀመጡበት የላቸውም። ስልኩ ሁሉንም ያወርዳል፣ አሳንሶ ያሳያል፣ የቀረው ለዓይን አይደርስም። ዳታው ግን ተበልቷል። 4 ሜጋባይት ያለው አንድ ፎቶ 200 ሰው ያለበት ግሩፕ ውስጥ ሲገባና ሁሉም ሲከፍተው 800 ሜጋባይት ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ያውም ለአንድ «መልካም ቀን» ምስል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የድረ ገጾች ነገር ነው። አዘጋጁ 4000 ፒክሰል ወርድ ያለውን ፎቶ እንዳለ ይጭንና በገጹ ላይ በ400 ፒክሰል ወርድ እንዲታይ ያዘዋል። ለዓይን ትንሽ ሆነ፤ አንባቢው የሚያወርደው ግን ያንኑ ትልቁን ፋይል ነው። ወርዱም ቁመቱም በ10 የተካፈለ ኮፒ ቢዘጋጅለት የነጥቡ ብዛት ከመቶ አንድ ይሆን ነበር። ሦስት አንቀጽ ዜና ለማንበብ የገባ ሰው፣ ጽሑፉ ጥቂት ኪሎባይት ሆኖ ሳለ፣ የአንድን ባለሥልጣን ፊት እስከ ቆዳው ቀዳዳ ድረስ እንዲያወርድ ይገደዳል።

«ሁልጊዜ በሙሉ ጥራት ላኩ» የሚሉ ሰዎች ግን ከንቱ ነገር አያወሩም። የሚሸሹት መተግበሪያዎቹ የሚያደርሱትን ጉዳት ነው፤ ጉዳቱም እውነት ነው። ቴሌግራም በተለመደው መንገድ የተላከን ፎቶ ረጅም ጎኑን ወደ 1280 ፒክሰል ሲያወርድ ኖሯል፤ ኢንስታግራም ደግሞ ወርዱን በ1080 ሲገድብ። ማሽኑ ፎቶው ምን እንደያዘ ግድ የለውም፤ ሁሉን በአንድ ቁና ይሰፍረዋል። ለአንድ ሰው ጉርድ ፎቶ 1280 ከበቂ በላይ ነው። አሥር ሰው ጎን ለጎን የቆመበት የቡድን ፎቶ ላይ ግን 150 ፒክሰል ወርድ የነበረው ፊት ወደ 48 ይወርዳል፤ ራሱን ለማየት ዙም ያደረገ ሰው የሚያገኘው የተለጠጠ ብዥታ ነው።

ሰነድ ሲሆን ይብሳል። ሙሉ የኤፎር ገጽ በ12 ሜጋፒክሰል ካሜራ ሲነሳ 2.5 ሚሊሜትር ቁመት ያለው ፊደል 34 ፒክሰል ገደማ ይይዛል። ወደ 1280 ሲወርድ 11 ብቻ ይቀረዋል። በእኛ ፊደል «ሱ»ን ከ«ሲ» የሚለየው በጎን የተቀጠለችው ትንሽ ጭረት እግሩ መሃል ወይም ግርጌ ላይ መሆኗ ነው፤ ያቺ ጭረት አሁን አንድ ወይም ሁለት ፒክሰል ሆናለች፤ በዚያ ላይ ጭመቃው ያልፍባታል። ውል ወይም የስም ዝርዝር እንዲህ ሲላክ ተቀባዩ ያነባል ወይስ ይገምታል?

ጭመቃው ራሱ ከማሳነሱ የተለየ ሥራ መሆኑን ብዙ ሰው አይለይም። ማሳነስ የነጥቦቹን ብዛት መቀነስ ነው። ጭመቃ የነጥቦቹን ብዛት እንዳለ ትቶ የሚቀመጡበትን ቦታ ማጥበብ ነው። ከ1992 ጀምሮ መስፈርት የሆነው ጄፔግ ምስሉን 8 በ8 በሆኑ ካሬዎች ይቆርጥና በየካሬው ውስጥ ሰፊውን የብርሃንና የጥላ ለውጥ ይይዛል፣ ጥቃቅኑን ያድበሰብሳል። ዓይናችን ከቀለም ይልቅ ብርሃንን አጥርቶ ስለሚያይ ቀለሙ ላይ የባሰ ይቆጥባል። ልኩን ሲያልፍ ሰማዩ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ በፊደል ዙሪያም ጉም የመሰለ ቆሻሻ ይከባል። ስለዚህ ፋይሉ 300 ኪሎባይት እንዲሆን ከተፈለገ 4000ውን ፒክሰል ይዞ ጭመቃውን ማክረር ሞኝነት ነው፤ ለአንድ ነጥብ የሚደርሰው 0.2 ቢት (ቢት የባይት አንድ ስምንተኛ ነው) ብቻ ነው። ወርዱን መጀመሪያ ወደ 1600 ብናወርደው በዚያው 300 ኪሎባይት ለአንድ ነጥብ 1.25 ቢት ይደርሳል። የመጀመሪያው ለማየት ያስቀይማል፤ ሁለተኛውን ስክሪን ላይ ከዋናው የሚለይ ሰው ጥቂት ነው።

የማሳነሻው ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጥሩ ፕሮግራም ጎረቤት ነጥቦችን አማክሎ አንድ ያደርጋቸዋል፤ ሰነፉ አንዷን ወስዶ ሌሎቹን ይዘላል። ባለ ቀጫጭን መስመር ሸሚዝ ላይ ድንገት ማዕበል የመሰለ ቅርጽ ካያችሁ ሰነፉ ነው የሠራው። ለስክሪን የሚሆን ፎቶ 72 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ላይ 72 ነጥብ) መሆን አለበት የሚባለውን ደግሞ እርሱት። ያ ቁጥር ስክሪን ላይ ምንም አይቀይርም፤ የሚመለከተው ማተሚያን ነው። ለኅትመት 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ300 ዲፒአይ ሲታሰብ 1200 በ1800 ፒክሰል ገደማ ይፈልጋል። ላሳትመው የሚል ሰው ሲጠይቅ ዋናውን መስጠት ነው፤ ዋናው ካለ። አሳንሰው በዚያው ስም ሴቭ የሚያደርጉ ሰዎች ዋናውን አጥፍተውታል፤ የጠፋው ነጥብ በማሳደግ አይመለስም። አሁን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እናሳድጋለን የሚሉትም የጠፋውን አያገኙትም፤ የሚመስል ፈጥረው ይሞላሉ። በዚህ ላይ ከግሩፕ ወርዶ ሌላ ግሩፕ የሚገባ፣ መሃል ላይ በስክሪንሹት የሚያልፍ ፎቶ በእያንዳንዱ ሴቭ ትንሽ ትንሽ እያጣ ይሄዳል።

መተግበሪያው እንዳይነካው እንደ ፋይል መላክም መፍትሔ ተብሎ ይመከራል። ለሰነዱና ለቡድን ፎቶው እኔም እስማማለሁ። ግን እንደ ፋይል የሄደ ፎቶ ከነጓዙ ነው የሚሄደው፦ የተነሳበት ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነት፣ የቦታ መመዝገቢያው በርቶ ከሆነም የተነሳበት ትክክለኛ ቦታ። በታኅሣሥ 2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ከቤሊዝ ፖሊስ ተሰውሮ የነበረው የማካፊ ጸረ ቫይረስ መሥራች ጆን ማካፊ ጓቴማላ መግባቱ የታወቀው ቫይስ የተባለው መጽሔት ድረ ገጹ ላይ ባወጣው ፎቶ ውስጥ ቦታው ተጽፎ በመገኘቱ ነው። ቤቱ ውስጥ የተነሳ የልጅ ፎቶ ለማያውቀው ሰው የሚልክ ወላጅ ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው። አንዳንድ ማሳነሻ ይህን መረጃ ያራግፋል፣ አንዳንዱ ይዞት ይሄዳል፤ አይቶ ማረጋገጥ ነው።

ታዲያ ስንት ይሁን? ለስክሪን ብቻ ለሚታይ ፎቶ ረጅም ጎኑ 1600 ወይም 2000 ፒክሰል፣ የጄፔግ ጥራቱ ከ100 80 አካባቢ ቢሆን ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት መቶ ኪሎባይት ላይ ያርፋል። ጽሑፍ የበዛበት ስክሪንሹት ምንም ሳያድበሰብስ በሚጨምቀው የፋይል ዓይነት፣ በፒኤንጂ ይሁን።

ይህን ሁሉ ተራው ተጠቃሚ በእጁ እንዲሠራ መጠበቅ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ቀሪው ወቀሳ ለመተግበሪያ ሠሪዎቹ ነው። ዋትስአፕ በ2023 በኤችዲ የመላክ ምርጫ ጨምሯል፤ ደግ አድርጓል። ግን በተለመደውና በኤችዲው መካከል ስንመርጥ ማወቅ ያለብን ተቀባዩን ስንት ሜጋባይት እንደምናስወርደው ነው። የአይፎን የኢሜይል መተግበሪያ ከባድ ፎቶ ሲላክ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ወይስ እንዳለ ብሎ፣ ከየምርጫው ጎን ክብደቱን ጽፎ ሲጠይቅ ዓመታት አልፈውታል። ያቺን አንድ መስመር ከመላኪያው ቁልፍ ጎን ማስገባት ለሌሎቹ የሚያቅታቸው አይመስለኝም።