ጅብ ስሆን ካባዬ የት ነው የሚገባው?

ሦስት ወር ያጠራቀምኩትን 400 ወርቅ ቅዳሜ ማታ ውሃ በላው። የጨዋታ ወርቅ ነው። ሦስቱ ወር ግን የእውነት ነው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ዲስኮርድ ላይ እንገናኛለን። እኔ አዲስ አበባ፣ ሁለቱ ጓደኞቼ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ጨዋታውን የሚመራልን ዲኤማችን ዱባይ። መብራት ሲጠፋ በስልክ ዳታ ተጫውቻለሁ። የአክስቴን ልጅ ቅልቅል በጊዜ ጥዬ ወጥቻለሁ። ስለዚህ ዛሬ ተናድጃለሁ፣ አድምጡኝ።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ ጨዋታ ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፣ ይዳኛል። እሱ ዲኤም ይባላል። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ካራክተር እንይዛለን። የሚሳካውንና የማይሳካውን 20 ፊት ያለው ዳይስ ይወስነዋል። የእኔዋ ድሩይድ ናት። የጫካና የአውሬ ወዳጅ፣ እንስሳ መሆን የምትችል። ሐረር ነው ያደግሁት። ማታ ማታ ከጀጎል ውጪ ጅብ ሲበላ እያየሁ። ስለዚህ ምን እንደምትሆን ለመምረጥ ጊዜ አልፈጀብኝም። ግዙፍ ጅብ።

አሁን ወደ ብሶቴ። ወርቄን አጠራቅሜ የጥበቃ ካባ ገዛሁ። አስማት ያለበት ካባ ነው። የለበሰው ሰው ኤሲው በ1 ይጨምራል። ኤሲ ማለት ጠላት አንቺን ለመምታት ማግኘት ያለበት ቁጥር ነው። ስገዛው ዲኤማችን አለ። ዋጋውን የነገረኝ እሱ ነው። ወርቁን የተቀበለኝ እሱ ነው። አንድም ቃል አልተናገረም።

ቅዳሜ ሁለት ኦገር፣ ዱላ የያዙ ግዙፍ ጭራቆች፣ ገጠሙን። ጅብ ሆንኩ። ኦገሩ ዱላውን አነሳ። ዳይሱ ላይ 6 ወጣ። ኦገር ሲመታ 6 ይደመርለታል፣ ጠቅላላ 12። የግዙፍ ጅብ ኤሲ 12 ነው። «መታሽ» አለኝ። «ካባ አለኝ እኮ፣ 13 ነኝ» አልኩት። «አሁን ጅብ ነሽ እኮ። ካባው ሰውነትሽ ውስጥ ገብቷል፣ አይሠራም» አለኝ። ቀድሞም ተጎድቼ ስለነበር በዚያች ምት ጅብነቴ አለቀ፣ የተረፈው ጉዳት ወደ ሰውነቴ ተላለፈ፣ ወደቅኩ። በአንዲት ቁጥር።

ሕጉን ስለማውቀው ነው የምናደደው። የምንጫወተው በ2014ቱ እትም ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጠራው)። ድሩይድ ስትለወጥ ሦስት ምርጫ አላት ይላል። ዕቃዋ መሬት ይወድቃል፣ ወይም ከአዲሱ ሰውነቷ ጋር ይዋሃዳል፣ ወይም አዲሱ ሰውነት ይለብሰዋል። የተለበሰ ዕቃ እንደወትሮው ይሠራል። የተዋሃደ አይሠራም። ምርጫው የእኔ ነው። ዲኤሙ የሚወስነው የእንስሳው ቅርጽና መጠን ያንን ዕቃ መልበስ ይችላል ወይ የሚለውን ብቻ ነው። ጅብ አንገት የለውም እንዴ?

«ካባው የሰው ልክ ነው፣ አይበቃሽም» አለኝ። እውነት ነው፣ ዕቃሽ በአዲሱ ሰውነትሽ ልክ አይለወጥም የሚል መስመር አለ። ግን የዲኤሞቹ መመሪያ መጽሐፍ ደግሞ የሚለበስ የአስማት ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የለባሹን መጠንና ቁመና ሳይለይ ይበቃል ይላል። ብዙዎቹ በአስማት ራሳቸውን ያስተካክላሉ። ያው ካባ ነገ ለአጭሬ ሃፍሊንግ ቢሰጥ ይጠብላታል፣ ለግዙፍ ተዋጊ ቢሰጥ ይሰፋለታል። ይህን ማንም አይከራከርም። ለጅብ ሲሆን ነው አስማቱ የሚደክመው? ሁለቱ መስመሮች ይጋጫሉ። እሺ ይጋጩ። ግን ሲጋጩ ሁሌም የሚጎዳው ተለዋዋጩ ለምን ይሆናል?

እስኪ ቁጥሩን እዩት። ተዋጊያችን ሙሉ የብረት ጥሩር ለብሷል፣ 18። ጋሻ ይዟል፣ 20። ኦገር እሱን ለመምታት ዳይሱ ላይ 14 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። ከዳይሱ 20 ፊት 7ቱ ብቻ ናቸው ማለት ነው። እኔን በ6 ይመታኛል፣ 15 ፊት። ተዋጊው ባገኘው ወርቅ ሁሉ እየጠነከረ ይሄዳል። እኔ ባገኘሁት ወርቅ ሁሉ ያው 12 ነኝ። በዚያ ላይ ካባው መጣመድ የሚጠይቅ ዕቃ ነው፣ ማለትም አስማቱ እንዲሠራ ባለቤቱ ከዕቃው ጋር መተሳሰር አለበት። አንድ ሰው ከሦስት በላይ ዕቃ መጣመድ አይችልም። ስለዚህ የማይሠራልኝ ካባ ከሦስቱ ቦታዬ አንዱን ይዞ ተቀምጧል።

«ጅብ ስትሆኚ 45 ተጨማሪ የሕይወት ነጥብ ታገኛለሽ፣ ምን ጎደለሽ» የሚሉኝ አሉ። ደረጃ 2 ላይ ትልቅ ነገር ነበር፣ አልክድም። አሁን ደረጃ 5 ነን። የኦገር አንድ ምት በአማካይ 13 ያነሳል። አራት ምት ነው፣ በቃ። በ2024 የወጣው እድሳት ደግሞ ያንን የሕይወት ክምችት አንስቶታል። ለጨረቃ ድሩይዶች፣ እንስሳ መሆን ላይ ለተካኑት፣ ኤሲውን 13 ላይ ከዊዝደማቸው (ከጥበባቸው) የሚያገኙትን ጭማሪ ደምሮ ሰጥቷቸዋል፣ ያ ጥሩ ነው። ስለ ካባ ግን ዛሬም ጉዳዩ ዲኤሙ እጅ ላይ ነው።

ከአሥር ዓመት በላይ ወደኋላ ስትሄዱ ደግሞ የተሻለ ታገኛላችሁ። በ2003ቱ እትም ዕቃው ሁሉ ይዋሃዳል፣ ሁሉም መሥራት ያቆማል። ጨካኝ ነው፣ ግን ግልጽ ነው። ለተለዋዋጮች ተብሎ ጥሩር ላይ የሚጨመር ልዩ አስማትም ነበረው፣ ውድ ቢሆንም። በ2009 የወጣው ፓዝፋይንደር የሚባለው ተመሳሳይ ጨዋታ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ። የተዋሃደ ዕቃ ማዘዝ ሳያስፈልገው ዘወትር የሚሰጠው ጥቅም ይቀጥላል፣ ከጥሩርና ከጋሻ በስተቀር። አለቀ። ካባዬ ይሠራል፣ ጥሩሬ አይሠራም፣ ሁላችንም ከመጀመሪያው እናውቃለን። እንደዚህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው ያጣሁት።

ይሄ ጥያቄ ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። ቡዳ ማታ ጅብ ይሆናል የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም። (በዚህ ወሬ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ብዙ ግፍ ተፈጽሞባቸዋል፣ ስለዚህ ወሬውን ላሞግስ አይደለም።) በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ጆሯቸው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለባቸው ጅቦች ተገድለው መገኘታቸውን ጽፏል። ሰዎች ያንን ጉትቻ እንደ ማስረጃ ነበር የሚያዩት። ሰውየው ተለውጧል፣ ጉትቻው ግን ጆሮው ላይ ቀርቷል። ይሄን ሲተርኩ የነበሩ ሰዎች አካል ቢለወጥም ጌጥ ይቀራል ብለው ወስነው ነበር። ለዲኤማችን ነገርኩት። «ቆንጆ ታሪክ ነው» ብሎ አለፈኝ።

መፍትሔ የሚባሉትን ሞክሬያቸዋለሁ። ጠንቋያችን ሜጅ አርመር የሚባል የመከላከያ ድግምት ይደግምልኛል፣ 8 ሰዓት ይቆያል፣ ጅብ ስሆን 15 ያደርገኛል። በጣም ያግዛል፣ አመሰግነዋለሁ። ግን በየቀኑ እሱን ለምኜ፣ የእሱን ድግምት በልቼ ነው። «ለእንስሳ የሚሠራ ጥሩር አለ እኮ» ያለኝም አለ። ዋጋው የሰው አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ሁለት እጥፍ። ቀለል ያለውን የቆዳ ብትወስዱ እንኳ ለማልበስ ሌላ ሰውና አንድ ደቂቃ ይፈልጋል። የውጊያ ዙር 6 ሰከንድ ነው። አሥር ዙር ሙሉ ኦገሮቹ ቆመው ይጠብቁናል? ሰው ስሆን ደግሞ ያ ሁሉ ቆዳ ከላዬ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

ዲኤማችንን እወደዋለሁ። ድምፅ ይለውጣል፣ ካርታ ይሥላል፣ ሥራ ውሎ ደክሞት ይመጣልናል። እንዲያሸንፈኝም እንዲያሸንፍልኝም አልፈልግም። ካባው አይሠራም ካለ አይሠራም፣ እቀበላለሁ። ግን ወርቄን ስቆጥርለት ይንገረኝ። ዳይሱ ከተወረወረ በኋላ ሳይሆን በፊት። ያኔ ካባውን ለጠንቋያችን እገዛለት ነበር፣ እሱም ኤሲው እንደኔው ዝቅተኛ ነው።

ትናንት ማታ መልእክት ጻፍኩለት። ካባ፣ ቀለበት፣ የአንገት ክታብ፣ የራስ ቁር፣ ጫማ፣ እያንዳንዱን ጠርቼ ጅብ ስሆን ይሠራል ወይስ አይሠራም ብዬ። አይቶታል። እስከ ቅዳሜ ካልመለሰልኝ ካባውን መልሼ ልሸጥለት ነው፣ በ400 ወርቅ።