ኩኩሉ!

ከዳላስ ጅማ ከገባሁ ገና ሁለት ሳምንቴ ነው። የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ዛሬ የግጥም ምሽት አለ፤ እንሂድ» ብላ ፈረንጅ አራዳ ወዳለ አንድ ካፌ ወሰደችኝ። ስለ ስደት የተጻፈ ግጥም ብዙ ሰምቻለሁ። አብዛኛው ወይ ለቅሶ ነው ወይ ምክር። እውነቱን ለመናገር፣ ማኪያቶዬን ጠጥቼ ሹልክ ልል ነበር።

ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ መድረኩ ላይ ወጣች። ወረቀት አልያዘችም። «እንቆቅልህ!» አለች። ቤቱ በአንድ ድምፅ «ምን አውቅልህ!» አላት።

በር የለው መዝጊያ፣ ግንብ የለው አጥር፣
ሲያዩት የማይታይ፣ ሲያልፉት የሚያስር።

የመለሰ የለም። ወይም አውቆ ዝም አለ። «እንግዲያው አገር ስጡኝ!» አለች። እንቆቅልሽ ያልፈታ አገር ይሰጣል፤ ሕጉ ነው። እኛም አዌቱ ዳር ተቀምጠን ጎንደርን፣ ሐረርን፣ ጎጃምን ስንሰጣጥ ነው ያደግነው። ቪዛ የለ፣ ደላላ የለ። የዛሬዎቹ ግን «ጣሊያን!» «ካናዳ!» «ሳውዲ!» እያሉ ጮኹ። ሳቅ በሳቅ ሆነ። እሷም «ጣሊያን ሄጄ፣ ጣሊያን ሄጄ» እያለች ጀመረች። መተማን አለፈች፣ ሱዳንን አለፈች፣ ሊቢያ ገባች። ባሕሩ ዳር ስትደርስ ዝም አለች። ጣሊያን አልደረሰችም። ሳቁም እዚያው ቀረ።

ቀጥላ ሰኞ ማክሰኞ ተጫወተች፣ ያውም እየዘለለች። መስመር የረገጠ ይቃጠላል። መስመሩን በከሰል ያሰመረችው እኮ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ግን «ተቃጠልሽ» ከተባለ ተቃጠልሽ ነው፣ ክርክር የለም። የመን ወይም ሳውዲ ድንበር ላይ ስለሆነው አንድም ቃል አልተናገረችም። ጅማ ውስጥ አረብ አገር ዘመድ የሌለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ መናገርም አላስፈለጋት።

እዚያ ማዶም በድንበር የሚጫወቱ አሉ። በፈረንጆቹ 2019 ሐምሌ ላይ ሮናልድ ራኤልና ቨርጂኒያ ሳን ፍራቴሎ የሚባሉ ሁለት አርክቴክቶች አሜሪካንና ሜክሲኮን በሚለየው የብረት አጥር መሐል ሮዝ ቀለም የተቀቡ ረጃጅም ብረቶች አሾለኩ። አንዱ ሲወርድ ሌላው የሚወጣበት፣ ልጆች የሚጫወቱበት ዓይነት። የወዲህ ማዶ ልጅ ከወዲያ ማዶው ጋር ተጫወተ። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ቪዲዮውን ሳየው ሳቄም እንባዬም አብሮ መጣ።

ግጥሙ ላይ ግን እንለያያለን። ዳላስ ውስጥ አንድ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ፣ ወንዝ መሻገርን እንደ ድብብቆሽ አድርጎ የጻፈ ወጣት ሲያነብ ሰምቻለሁ። ጥሩ ግጥም ነበር። ሰው በጸጥታ አዳመጠ፣ አጨበጨበ፣ ኩኪሱን በልቶ ወጣ። ጅማ ላይ ዝም ብሎ ማዳመጥ አይቻልም። ልጅቷ ስትጣራ አፍህ ራሱ ይመልስላታል። ከመለስክ ደግሞ ተጫዋች ነህ፤ አገር ከሰጪዎቹ አንዱ አንተ ነህ። እኔ ራሴ «ካናዳ» ብዬ ጮኼ ነበር፣ ምን ልደብቃችሁ።

መጨረሻ ላይ ዓይኗን በእጇ ሸፈነች።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!» አልናት።

«ኩኩሉ!»

«አልነጋም!»

ሦስተኛ ስትጣራ «ነጋ» የሚላት ጠፋ። እሷም ዓይኗን ሳትገልጥ፣ እየዳበሰች ከመድረክ ወረደች።

እኔ ትዝ ያለኝ ዳላስ ያለ ጓደኛዬ ነው። በብራዚል በኩል ጫካ አቋርጦ ነው የገባው። ደርሷል እንግዲህ። ነገር ግን ወረቀት የለውም። የፖሊስ መኪና ባየ ቁጥር እስከ ዛሬ አንገቱን ይቀብራል፤ በር ሲንኳኳ ቴሌቪዥኑን ያጠፋል።

ስንወጣ ልጅቷን በር ላይ አገኘኋትና «ግጥምሽ ላይ ነጋ የሚለው ማነው?» አልኳት።

«እሱንማ እናንተ እዚያ ያላችሁት ንገሩን እንጂ፣ ጋሼ» አለችኝ።