ሚልዱራ ያልተመለሰው ባቡር፣ ኮምቦልቻ የተጋደመው ሐዲድ

አጎቴ ጋ በደወልኩ ቁጥር፣ ከብቱም ዝናቡም ተጠያይቆ ካለቀ በኋላ የማይቀር አንድ ጥያቄ አለው። «አንተ ልጅ፣ ባቡሩ እናንተ ዘንድ ቀረ እንዴ?» ይለኛል። ቤቱ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው። ሐዲዱ ሲዘረጋ ከማሳው ተቆርሶ ተወስዷል። ካሳውን በልቶ ከጨረሰው ቆይቷል፤ ሐዲዱ ግን እንደተጋደመ አለ። እረኞች ይቀመጡበታል። ክረምት ገብቶ ሌላው ሁሉ ጭቃ ሲሆን ደግሞ ገበያተኛው በእግሩ ይሄድበታል። «መንገድ አልሠሩልንም አንልም» ብሎ ይስቃል።

እኔ የምኖረው አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን፣ ፉትስክሬይ ነው። ሁለት ዓመት ያህል ቤንዲጎ እየተመላለስኩ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ሠርቻለሁ። በባቡር ሁለት ሰዓት ግድም ነው። እና አጎቴ ሳያውቀው ስለ ባቡር መጠየቅ ያለበትን ሰው ነው የሚጠይቀው።

የቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት መንግሥት ከማርች 31 ቀን 2023 ጀምሮ በገጠር ባቡሮች ዋጋ ላይ ጣሪያ አበጀ። ከተማ ውስጥ ሁለት ፌርማታ የሚሄደውም፣ ከክፍለ ግዛቱ ዳር ድረስ የሚጓዘውም ለቀኑ ከ9.20 ዶላር በላይ አይከፍልም ተባለ። ለእኔ ቢጤ ተመላላሽ ሠርግ ነበር። ሠርጉ ግን ብዙም አልቆየ፤ ባቡሩ ሞላ። አርብ ማታ ስመለስ መቀመጫ ስለማላገኝ በሩ አጠገብ ቦርሳዬን አንጥፌ እቀመጥ ነበር። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ «ዛሬ በባቡሩ ፈንታ አውቶቡስ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ እናገኛለን። እዚህ አገር የኖረ ይህችን ወረቀት ያውቃታል።

አንድ የዕረፍት ቀኔን ስፕሪንግ ስትሪት ወዳለው የክፍለ ግዛቱ ፓርላማ ሄድኩ። ቦርሳዬን ፈተሹት፤ ከዚያ ወዲያ ማን ነህ፣ ለምን መጣህ ያለኝ የለም። ከላይ ካለው የሕዝብ መቀመጫ ሆኜ 88 ተመራጮች የሚቀመጡበትን አረንጓዴ አዳራሽ ቁልቁል አየሁ። የጥያቄ ሰዓት ነበር። ግማሾቹ ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ግማሾቹ ይንጫጫሉ። አዛውንቶች ባሉበት እንዲህ አይጮኽም ብሎ ያደገ ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል።

ከተቃዋሚው ወገን አንዲት የገጠር ተወካይ ተነሣች። ወረቀቷን አላነበበችም፣ ጠቅልላ ይዛዋለች። ጥያቄዋ አጭር ነው፤ ቲኬቱን አረከሳችሁት፣ ፉርጎው የታል? ሚኒስትሩ ተነሥቶ እናንተ ሥልጣን ላይ በነበራችሁበት ዘመን ስንት መስመር እንደዘጋችሁ ታውቃላችሁ ወይ አለ። ከኋላው ያሉት ወንበር መቱለት። እኔም አበቃ፣ አፏን አዘጋት ብዬ ነበር። አላበቃም። ደንቡ አንድ ተከታይ ጥያቄ ይፈቅድላታል። ተነሥታ ከ30 ዓመት በፊት ስለተደረገው እንዳልጠየቀች፣ የጠየቀችው ስለሚመጣው አርብ እንደሆነ ነገረችው። እሱ አሁንም ዙሪያውን ዞረ። በዚህን ጊዜ አፈ ጉባኤዋ ዘንድ አቤት አለች። አፈ ጉባኤዋ መልሱ ለጥያቄው አልሆነም ብላ ካመነች ሚኒስትሩ በጽሑፍ እንዲመልስ ማዘዝ ትችላለችና።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነው ይበልጥ የገረመኝ። ጋዜጠኞቹ ወጡ፣ አዳራሹ ሳሳ፤ ተወካዮቹ ግን ተራ በተራ እየተነሡ የየወረዳቸውን ጉዳይ ያነሡ ጀመር። አንዱ ስለ አንድ ድልድይ ይጠይቃል። ሌላዋ በኦክቶበር 2022 ጎርፍ የተቦረቦረ የገጠር መንገድ መቼ እንደሚጠገን፣ ያውም በመንገዱ ስምና በመገንጠያው፣ ትጠይቃለች። የሚሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሆኖም እያንዳንዱ ጥያቄ በቃለ ጉባኤው ይሰፍራል፤ የሚመለከተው ሚኒስትር በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። ጠያቂዋ ደብዳቤውን ይዛ ወረዳዋ ገብታ «ይኸው፣ ይህን አሉኝ» ትላለች። መልሱ ብዙ ጊዜ ለብ ያለ ነው፤ ቢሆንም ቀንና ፊርማ አለው።

እዚህ ላይ ነገሩን እንዳላስውበው እፈራለሁ፤ የሚልዱራን ታሪክ ልጨምር። ሚልዱራ ከሜልቦርን 540 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በመሪ ወንዝ ዳር ያለች የወይንና የብርቱካን ከተማ ናት። የመንገደኛ ባቡሯ በጄፍ ኬኔት መንግሥት ዘመን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 ተቋረጠ። በ1999ኙ ምርጫ ገጠሩ ለኬኔት ጀርባውን ሰጠ። ሁለቱም ወገን ብቻውን መንግሥት መመሥረት ሲያቅተው ሦስት የግል ተመራጮች ሚዛኑን ያዙ። ከሦስቱ አንዱ የሚልዱራው ራስል ሳቬጅ ነበር። የእነሱን ድጋፍ ያገኘው ስቲቭ ብራክስ የክፍለ ግዛቱ መሪ ሆነ፤ የተዘጉትን የገጠር ባቡሮች እመልሳለሁም አለ። አራራትና ቤርንስዴል በ2004 ባቡራቸው ተመለሰላቸው። ሚልዱራ ግን ይኸው እስካሁን ትጠይቃለች። ሳቬጅም በ2006 ወንበሩን አጣ።

ስለዚህ መጠየቅ ባቡር አያመጣም። ልዩነቱ የሚልዱራ ሰው ባቡሩን ማን እንዳስቆመው፣ ማን ቃል እንደገባለት፣ ማን ቃሉን እንዳጠፈ በስም መቁጠር መቻሉ ነው። የቀረው ባቡር ባለቤት አለው።

ማስመሰሉም ሞልቷል። በፌዴራሉ ፓርላማ፣ ካንቤራ፣ የገዥው ፓርቲ አባል ተነሥቶ የራሱን ሚኒስትር «ያመጣነውን ውጤት ቢያብራሩልን» ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። ጥያቄው ከሚኒስትሩ ቢሮ ተጽፎ እንደመጣ አገር ያውቃል። ስም ሁሉ አውጥተውለታል፤ «ዶሮቲ ዲክሰር» ይሉታል። ዶሮቲ ዲክስ በአሜሪካ ጋዜጦች ላይ የምክር ዓምድ የነበራት ሴት ናት፤ የጠያቂዎቹን ደብዳቤ ራሷ ትጽፈዋለች ተብላ ትታማ ነበር። ይህን ዓይነቱን ጥያቄ በቴሌቪዥን የሰማሁ ዕለት አራት ኪሎ የተቀመጥኩ መሰለኝ።

አራት ኪሎን ካነሣሁ፣ የእኛም ሕገ መንግሥት በዚህ ረገድ አይታማም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን ሰጥቶታል። ችግሩ ጠያቂው ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ2002ቱ ምርጫ ከ547 መቀመጫ አንዱን ብቻ ነበር ተቃዋሚው ያገኘው፤ አቶ ግርማ ሰይፉ። ከእሳቸው ሌላ አንድ የግል ተመራጭ። አንድ ሰው የመንገዱንም፣ የስኳሩንም፣ የግብርናውንም ሚኒስትር ሊጠይቅ! በ2007ቱ ደግሞ እሷም ቀረች። በ2013ቱ ተቃዋሚዎቹ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ ይዘው ገቡ። ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ፣ የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ፣ በ2015 ክረምት ታሰሩ። ያኔ የቀሩት ምን ያህል አፋቸውን ሞልተው ይጠይቃሉ ብሎ ማሰብ ነው።

ሆኖም የሰው ማነስ ብቻ አይመስለኝም። የገዥው ፓርቲ ተወካዮችም ቢሆኑ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመንገድን ጉዳይ ሳያነሡ አይውሉም። «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ ዕድሉን ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ» ይላሉ፣ የመረጣቸው ሕዝብ የሚማረርበትን መንገድ በስሙ ጠርተው ይናገራሉ። የሚያበላሸው አጠያየቁ ነው። ጥያቄ ይሰበሰባል። የአንዱ መንገድ፣ የሌላው ማዳበሪያ፣ የሦስተኛው የኑሮ ውድነት፣ የአራተኛው ጸጥታ እንደ ጭድ ይከመራል፤ ከዚያ መላሹ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ለሰዓታት ይናገራል። ከክምሩ የወደደውን ይመዛል፣ ያልወደደው ሥር ቀርቶ ይረሳል። ጠያቂው «የእኔስ?» ብሎ ዳግም የሚነሣበት ሥርዓት አላየሁም። ትኩረት ተሰጥቶት እየተሠራ ነው ተብሎ ይጨበጨባል። ያቺ የስፕሪንግ ስትሪት ሴትዮ እዚያ ብትሆን ከመጀመሪያው መልስ በኋላ ቁጭ ነበር።

የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልዲያ ሐራ ገበያን መስመር አስቡት። 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ተቋራጭ ሥራውን የጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ወጪው ወደ 1.7 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር፣ አብዛኛው በብድር። ሐዲዱ ተነጥፎ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይሉ ዘገየ። በ2014 መጀመሪያ ደግሞ ጦርነቱ ኮምቦልቻ ድረስ ገባ። ምክንያት ሞልቷል፣ እውነተኛ ምክንያትም ነው። ግን አንድ ተወካይ ቆሞ «ይህ ባቡር መቼ ይሄዳል? ካልሄደ ለማን ብለን ነው ዕዳ የምንከፍለው?» ብሎ፣ መልስ ሲሸሹት ደግሞ ሁለተኛ፣ ከ30 ቀን በኋላ ሦስተኛ ቢጠይቅ፣ አጎቴ ቢያንስ እኔን አይጠይቀኝም ነበር።

የ2015ቱ የማዳበሪያ እጥረትም እንዲሁ ነው። ያን ጊዜ በአማራ ክልል ገበሬው ሰልፍ ወጥቷል። ማዳበሪያ ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ነው የሚመጣው፤ ወቅቱ ካለፈ ለበቆሎው ብዙም አይጠቅመውም። አጎቴ ድርሻውን ያገኘው ዘሩ በቅሎ ከታየ በኋላ ነው። ያቺኑም ቢሆን አይሱዙው ወንዙ ጋ ሲደርስ ድልድይ የለምና አራገፈው፤ ከዚያ ወዲህ አህያ። ስለ አህያው ኪራይ የነገረኝን ልጽፈው ነበር፤ ማዳበሪያው ከጅቡቲ ወንዙ ድረስ ለመጣበትም ያን ያህል የተጠየቀ አይመስልም።

ባለፈው ስንደዋወል ያንን የ30 ቀን ደብዳቤ ነገር አጫወትኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«የእናንተ ተወካይ ማን ነው?» አልኩት በመጨረሻ።

«በሰኔው ምርጫ አንድ ሰው ለቅስቀሳ መጥቶ ነበር» አለ። «ዝናብ ነበር፣ መኪናው ጭቃ ይዞት ወንዙ አፋፍ ላይ ቀረ። በሁለት በሬ ጎትተን አወጣነው። መንገዱን እንሠራዋለን ሲል ሳቅንበት፤ እሱም ሳቀ።»

«ተመረጠ?»

«ወላሂ አላውቅም» አለኝ። «አንተ እዚያ ሆነህ በስልክህ ማየት አትችልም?»