የቸኮሌት ደም

ባለቤቴ ሳሎን ስትገባ ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ የመቃብር ድንጋይ ወዘወዘ። "ይሄ ካርቶን ነው እንዴ?" አለች። ካርቶን ይሁን ኮምፔንሳቶ እኔም አላውቅም። ድንጋይ ግን አይደለም። እሷ የቱርክ ድራማ ነው የምታየው፣ እዚያ ቤቱ ሁሉ እብነ በረድ ነው።

የኔ በሽታ ሌላ ነው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ በቺስታ ኪስ የተሠሩ አስፈሪ ፊልሞች እወዳለሁ፣ ፈረንጆቹ "ኤክስፕሎይቴሽን" የሚሏቸውን፣ ደምና ነውር እናሳያችሁ ብለው ትኬት የሚሸጡትን። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ያን ማታ የማየው የኤድ ዉድን "ፕላን ናይን ፍሮም አውተር ስፔስ" ነበር። ታሪኩን አትጠይቁኝ። ቤላ ሉጎሲ፣ ያ ድራኩላ ሆኖ ስንቱን ያስበረገገ ተዋናይ፣ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተቀርጾ 1956 ላይ ሞተ። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን አልቅሶ ይቀብርና ነገሩን ይተወው ነበር። ኤድ ዉድ ግን የሚስቱን ወጌሻ አምጥቶ ካባ አለበሰውና ፊቱን በካባው ሸፍኖ እንዲንጎራደድ አደረገው። ችግሩ ወጌሻው ከሟቹ ይረዝማል።

"ይሄ ሰውዬ ቅድም አጭር አልነበረም?" አለች ባለቤቴ። ከሞተ በኋላ አደገ፣ ምን ላድርገው!

ግን እኮ አያቴም እንደዚሁ ነበረች። ማታ ማታ ነጠላዋን ተከናንባ ጅብ ትሆንብናለች። ከነጠላው ሥር የተሰነጣጠቀ ተረከዟ ይታያል፣ አያታችን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን፣ ቢሆንም ጩኸታችን ጎረቤት ይቀሰቅሳል። ዛሬ በመቶ ሚሊዮኖች ዶላር ተሠርቶ ኮምፒውተር የሚተፋው ጭራቅ ተረከዝ የለውም፣ ለኔ ደግሞ ተረከዝ የሌለው ነገር አያስፈራኝም።

በ1968 የወጣውን የጆርጅ ሮሜሮን "ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ"፣ ሙታን ተነስተው ሰው የሚበሉበትን ፊልም፣ ውሰዱ። ፒትስበርግ አካባቢ አስር ሰዎች ስድስት ስድስት መቶ ዶላር አዋጥተው ጀመሩት። ይሄ ዕቁብ ነው እንጂ የፊልም ኩባንያ ነው? ኋላ ሌላም ገንዘብ ተጨምሮ ጠቅላላ ወጪው ከመቶ ሺህ ዶላር ትንሽ አለፍ ያለ ነበር። ደሙ የቸኮሌት ሽሮፕ ነው፣ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ማን ያውቅባቸዋል። ገንዘብ ካዋጡት አንዱ ሥጋ ነጋዴ ነበርና ሙታኑ የሚቀራመቱትን አንጀት እሱ አመጣ። ከዚያ ምን ሆነ? የፊልሙ ርእስ ሲቀየር ፊልሙ የማን እንደሆነ የምትናገረው የባለመብትነት ማስታወቂያ መስመር አብራ ወደቀች። በዚያን ጊዜ በነበረው ሕግ ፊልሙ የማንም ሆነ፣ የፈለገ ሁሉ ያለ ክፍያ ያሳየው ጀመር። በጣም ያሳዝናል። እኔም ያየሁት በነፃ ስለሆነ ሐዘኔን ብዙ አላጠብቀውም።

ከሁሉ የምወደው ግን የሸሚዙን ነገር ነው። "ዘ ቴክሳስ ቼይን ሶው ማሳከር" በ1973 በጋ ቴክሳስ ውስጥ ሲቀረጽ፣ መጋዝ ይዞ ሰው የሚያሳድደው ጉናር ሀንሰን ያለው ልብስ አንድ ብቻ ነበር። ቢታጠብ ቀለሙ ይለቃል ተብሎ ለሳምንታት ሳይታጠብ ለበሰው። የቴክሳስን ሙቀት አስቡት እንግዲህ። ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ተዋናዮቹ ከሱ ሲሸሹ የምናየው ሁሉ ትወና ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ።

"አሜሪካን ኢንተርናሽናል ፒክቸርስ" የሚባል ኩባንያ ደግሞ ርእሱንና ፖስተሩን ነበር መጀመሪያ የሚያዘጋጀው። ለሲኒማ ቤት ባለቤቶች ያሳያል፣ ከወደዱት ያን ጊዜ ታሪኩ ይጻፋል። ይሄንን ለባለቤቴ ስነግራት ምንም አልገረማትም።

"የመሠረት ድንጋይ እንደ ማስቀመጥ ነዋ" አለች።

"እነሱ እኮ ፊልሙን ይሠሩታል!"

ቀልቧን የሳበው ዊልያም ካስል ነው። ይሄ ሰውዬ በ1959 "ዘ ቲንግለር" ለሚባለው ፊልሙ ሲኒማ ቤት ወንበሮች ሥር ሞተር አስገጥሞ፣ ተመልካቹን ከታች እየነዘረ ያስጮህ ነበር። ከዚያ በፊት በ1958 ደግሞ "ማካብር" የሚባለውን ሲያሳይ ሎንዶን ካሉት የሎይድስ ኢንሹራንስ ሰዎች ጋር ተዋዋለ። ፊልሙን እያየ በድንጋጤ ለሞተ ሰው፣ ለቤተሰቡ 1,000 ዶላር።

"ሰው ሞተ?"

"ማንም አልሞተም።"

ዝም አለች። ስልኳን አወጣች። አንድ ሺህ ዶላር በዛሬ ምንዛሪ ስንት ብር እንደሚሆን አስልታ ጨረሰችና፣ ከተጋባን ጀምሮ አድርጋው የማታውቀውን፣ መብራቱን ራሷ ተነስታ አጠፋች።

"እስቲ እሱን ፊልም ክፈተው" አለችኝ፣ "አንተ ጠጋ ብለህ እይ።"