ሕፃኑ ቢተፋው መልሰን እናቅርብለት

ጎጃም ውስጥ ስድስት ወር የሞላው ሕፃን አዲስ ምግብ ቀምሶ ፊቱን አኮማትሮ ከተፋ፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ፍርድ ለመስጠት ይሽቀዳደማል። «አይወደውም» ትላለች እናት። «ሆዱን ነፍቶታል» ትላለች ጎረቤት። አያት ደግሞ ጥርስ ሊያበቅል ነው ወይም ዓይን አይቶት ነው ትላለች፤ ነገሩ ሁለት ሦስት ቀን ከዘለቀም «እንጥሉ ወርዷል» ይመጣል። ምግቡ ከሕፃኑ ፊት ይነሣል፤ ቀጭኑ አጥሚት ይመለሳል። በእኔ እምነት በአካባቢያችን ብዙ ሕፃናትን ምግብ መራጭ የሚያደርጋቸው ይህ የእኛ ችኮላ ነው።

ሕፃኑ ስድስት ወር ሙሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለብ ያለ፣ ጣፈጥ ያለና ፈሳሽ የሆነ የእናት ጡት ወተት። ምላሱ መጥባትን እንጂ ምግብን ወደ ኋላ ወስዶ መዋጥን ገና አልተማረም። በመጀመሪያዎቹ ወራት አፉ የገባን ጠጠር ያለ ነገር በምላሱ ወደ ውጭ መግፋቱ እንዳይታነቅ አብሮት የተወለደ መከላከያ ነው፤ ልማዱ የሚለቀውም ቀስ እያለ ነው። ጣፋጭን መውደድ፣ መራራንና ኮምጣጣን መጠርጠርም እንዲሁ ተፈጥሮው ነው። ስለዚህ ጎመን የቀመሰ ሕፃን ፊቱን ቢያጨማድድ ያሳየው ግርምቱን ነው። ጠልቶት እንደሆነ የሚታወቀው ደጋግሞ ከቀመሰ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ጀርመን ውስጥ ሰባት ወር ገደማ የሆናቸው ሕፃናት እናቶች፣ ልጆቻቸው አልቀበልም ያሉትን አንድ የአትክልት ምግብ መርጠው በየሁለት ቀኑ ስምንት ጊዜ እንዲያቀርቡ ተደረገ። ስምንተኛው ላይ ሲደረስ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ያን ምግብ የሚወዱትን ያህል ይበሉት ነበር። እኛ ስንት ጊዜ እንሞክራለን? ሁለቴ ከሞከርን ብዙ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንል ሰዎች፣ ለእንቁላሉ የምንሰጠውን ትዕግሥት እንቁላሉን ለሚበላው ሕፃን እንነፍገዋለን።

እንቁላልን ካነሣሁ አይቀር አንድ ብዙ የማይወራ ነገር ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ6 እስከ 23 ወር ያሉ ሕፃናት እንቁላል፣ ሥጋ ወይም ዓሣ በየቀኑ እንዲያገኙ ይመክራል። ሕፃኑ ከማኅፀን ይዞት የመጣው የብረት ክምችት ስድስት ወር አካባቢ መመናመን ስለሚጀምር ምክንያቱ ግልጽ ነው። አሁን አንድ የጎጃም ቤት እንውሰድ። ሕፃኑ ስድስት ወር የሞላው ጥር ላይ ነው እንበል። እናቱ እንቁላል ቀቅላ ሁለት ሦስት ጊዜ አቀመሰችው፤ ገና መልመድ ሲጀምር ዐቢይ ጾም ገባ። 55 ቀን ሙሉ ቤቱ ውስጥ እንቁላል አይቀቀልም፤ ወተትም ቅቤም ድስት አይነካም። የፋሲካ ዕለት እንቁላሉ ሲመለስ ሕፃኑ ረስቶታል፤ ይተፋዋል። «ይህ ልጅ እንቁላል አይወድም» ይባላል። ከዚያ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ የሐዋርያት ጾም አለ፣ ፍልሰታ አለ። ጣዕምን መልመድ ድግግሞሽ የሚጠይቅ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በእኛ ቤት ድግግሞሹ ሊጸና ሲል ይቋረጣል።

ይህን የምጽፈው ጾምን ልነቅፍ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን እንዲጾም አታዝም፤ ይህንን ጎጃም ውስጥ የማያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ የዕቃው ነው። እናት ለሕፃኑ እንቁላል የሠራችበት ድስት፣ የቀላቀለችበት ማንኪያ ከጾሙ ምግብ ጋር እንዳይነካካ ትሠጋለች፤ ስለዚህ ሁሉንም ትተወዋለች። መፍትሔው ደግሞ ውድ አይደለም፤ ለሕፃኑ ብቻ የተለየች ትንሽ ድስት፣ አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ ናቸው። የነፍስ አባቶች ይህንን ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው እሑድ በዐውደ ምሕረት አንድ ጊዜ ቢናገሩት ከብዙ ፖስተር የበለጠ ይሰማል።

ጾሙ ሌላም ገጽ አለው። እናት የምትበላው ምግብ ጣዕም በጡቷ ወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ በእርግዝና ወይም በማጥባት ጊዜ የካሮት ጭማቂ የጠጡ እናቶች ልጆች የካሮት ጣዕም ያለውን ገንፎ ፊታቸውን ብዙም ሳያኮማትሩ እንደተቀበሉት አሳይቷል። የጎጃም እናት በጾም ወራት የምትበላው ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ሱፍና ኑግ ነው። ስለዚህ ሕፃኗ እነዚህን ጣዕሞች ከጡቷ ቀድሞ ያውቃቸዋል ማለት ነው። በደንብ የበሰለ ምስር ክክ፣ በደቃቁ የተከተፈ ጎመን፣ ወፍራም ገንፎ ላይ ጠብ የተደረገ የኑግ ዘይት ለጀማሪ ምላስ እንግዳ አይሆኑም። ሆኖም እነዚህ እንቁላልንና ሥጋን ይተካሉ ብሎ መዝናናት አይገባም።

ሕፃኑ እምቢ ሲል የምናደርገው ሁለተኛው ነገር ደግሞ ከመተው ይብሳል፤ መጋት። ያላየ ካለ እንዲህ ነው፦ ሕፃኑ ጉልበት ላይ በጀርባው ይጋደማል፤ ጭንቅላቱ ዘቅዘቅ ይላል፤ የእናት ወይም የአያት ግራ እጅ ከከንፈሩ ሥር እንደ ጭልፋ ይጎደጉዳል፤ አጥሚቱ እዚያ ላይ ይፈሳል። ሕፃኑ ለመተንፈስ ሲል ይውጣል። አንዳንዴም አፍንጫው ይያዛል። ትን ሲለው ቀና ይደረግና ጀርባው ይመታል፤ እንደገና ይቀጥላል። ፈሳሹ ወደ ሳንባ ቢገባ የሚያመጣው ጣጣ ለብቻው ከባድ ነው። ከዚያም በላይ ሕፃኑ ምግብ ማለት ትግል መሆኑን ይማራል። በማግስቱ ኩባያዋን ከሩቅ ሲያይ አፉን ይገጥማል፤ «ግትር ነው» ይባላል። ይህን ያህል እየተጋተ ግትር የማይሆን ማን አለ?

አያቶቻችን ክፉ ሆነው እንዳልሆነ ይገባኛል። ልጅ በረሃብ እንዳይሞት የፈሩ ሰዎች ናቸው፤ ፍርሃታቸውም መሠረት ነበረው። ሆኖም ሥራ መከፋፈል ይቻላል፦ ምን እንደሚቀርብ፣ መቼና የት እንደሚቀርብ የሚወስነው አዋቂው ይሁን፤ ምን ያህል እንደሚበላ ሕፃኑ ይወስን። ጭንቅላቱን ካዞረ ለዛሬ በቃው ማለት ነው። ነገ ይኸው ምግብ ይመለሳል።

ደምበጫ ውስጥ አንዲት እናት ስታደርገው ያየሁትን ላንሣ። የስምንት ወር ልጇ እንቁላል በቀመሰች ቁጥር በምላሷ ገፍታ ታወጣው ነበር። እናቲቱ ድንች ልጅቷ እንደምትወድ ታውቃለች፤ የተቀቀለውን ድንች በሹካ አድቅቃ፣ ከአስኳሉ ጥፍር የምታህል ብቻ ጨመረችበትና በራሷ ጡት ወተት አላላችው። ሳህኑን ልጅቷ እጅ ከሚደርስበት ቦታ አስቀምጣ መጀመሪያ ራሷ ጎረሰች። ልጅቷ እጇን ሳህኑ ውስጥ ነከረች፤ ጣቷን ላሰች፤ ከዚያ ጉንጯንና ጆሮዋን ቀባች። አማቲቱ «ምግብ መጫወቻ ሆነ እንዴ!» ብለው ተቆጡ። «እማማ፣ ይተዉዋት፤ ትንካው» ብላ ዝም አለች። የዚያን ዕለት ልጅቷ የዋጠችው እጅግ ጥቂት ነው። እናቲቱ ግን ቀን እየቆጠረች የአስኳሉን መጠን ከፍ፣ የድንቹን ዝቅ አደረገች፤ ከጊዜ በኋላ ልጅቷ እንቁላሉን ለብቻው መብላት ጀመረች። ምንም የተለየ ጥበብ የለበትም። የሚያስፈልገው ሕፃኑ እንቅልፉን ጨርሶ፣ ራብ ራብ ሲለው ግን ገና ሳያለቅስ ማቅረብ፣ የለመደውን ከአዲሱ ጋር ማዋሐድ፣ ዐይኑ እያየ መብላት፣ ሲያዝረከርክም መታገሥ ነው።

የአጥሚት ነገርም ሳይነሣ አይታለፍም። የሕፃን ጨጓራ በአንድ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በአንድ ጊዜ የሚችለው 240 ሚሊ ሊትር ነው። ያንን በቀጭን አጥሚት ስንሞላው ውሃ ሞላነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ እውነተኛ ምግብ ቢቀርብለት እምቢ ማለቱ ምን ይደንቃል? ሻይና ብስኩትም ከምግብ በፊት ሲሰጡ ሥራቸው ያው ነው። ሻዩ እንዲያውም ከምግቡ የሚገኘውን ብረት ሰውነቱ እንዳይወስድ ያውካል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይፈስ መሆን አለበት። ሁልጊዜ አልሞ አድቅቆ፣ በወንፊት አጥልሎ መስጠትም ጥሩ አይደለም፤ እንግሊዝ ውስጥ የተደረገ ክትትል፣ ፈጽሞ ያልደቀቁ፣ ትናንሽ ቁርጥራጭ ያለባቸውን ምግቦች ከ10 ወር በኋላ የጀመሩ ሕፃናት በ15 ወራቸው ለመመገብ ይበልጥ አስቸጋሪ እንደነበሩ አሳይቷል። ለማላመጥም ወቅት አለው። ቆሎና ለውዝን የመሰለ ደረቅ ነገር ግን አይሞከር፤ ያንቃል። የጎጃም ማርም የቱንም ያህል የተመሰገነ ቢሆን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም፤ ለእርሱ መርዝ የሚሆን የባክቴሪያ ዘር ሊኖርበት ይችላል።

ሰው «ጎጃም ምን ጎድሎበት?» ይላል። እውነት ነው፤ የቢቸና ጤፍ፣ የቡሬና የወንበርማ በቆሎ፣ የጮቄ ገብስና ድንች፣ የቆጋ መስኖ አትክልት አለን። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት 46 በመቶው ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ ነበር፤ በ2019ም ከ40 በመቶ በላይ ነበር። በዚያው በ2016 ጥናት፣ በአገር ደረጃ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ዝቅተኛውን ተቀባይነት ያለው አመጋገብ፣ ማለትም በምግብ ዓይነትም በቀን በሚመገቡበት ጊዜ ብዛትም ቢያንስ በቂ የሚባለውን፣ ያገኙት 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ጎተራ መሙላትና የሕፃን ሳህን መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ዶሮዋ የጣለችው እንቁላል በገለባ ተጠቅልሎ ቅዳሜ ገበያ ይሄድና ጨውና ሳሙና ሆኖ ይመለሳል። ጨውና ሳሙና የግድ ስለሆኑ ነቀፌታ የለኝም። ነገር ግን ከተሸጡት መካከል ለሕፃኑ ጥቂት ይቅሩ ማለት ብዙ መጠየቅ አይደለም፤ ይህም ለእናት ብቻ የሚነገር ጉዳይ አይደለም፤ በብዙ ቤት የገበያውን ገንዘብ የሚይዘው አባት ነው። «ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው ብሂል ከሁሉ ይልቅ ለአባቶች የተመቸ ይመስለኛል።

አሁን ወደ እንጥሉ። ሕፃን ምግብ እምቢ ሲልና ሲያስመልስ እንጥል ማስቆረጥ፣ ግግ (ድድ ውስጥ ያለ ገና ያልወጣ ጥርስ) ማስነቀል ዛሬም አልጠፋም። ጉሮሮው የቆሰለ ሕፃን ደግሞ ይባስ አይበላም፤ ደም ይፈስሳል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ የሚሞትም አለ። እምቢታው በእርግጥ የበሽታ ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ፦ ምግብ ብቻ ሳይሆን ጡትም እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ካለው፣ አፉ ውስጥ ነጭ ነገር ከታየ፣ ክብደቱ ከቀነሰ፣ የክንዱ ዙሪያ ሲለካ ከ12.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ። መሄጃው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ነው። መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን ይህ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ለቆራጩ ምላጭ ሰበብ አይሆንም።

መንግሥት በሰቆጣ ቃል ኪዳን እ.ኤ.አ. በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቆም ቃል ገብቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በቀበሌው እናቶችን ሰብስበው ገንፎ እያሳዩ ይሠራሉ። ባየኋቸው ማሳያዎች ላይ ትምህርቱ ስለ ቅልቅሉ ነው፤ ስንት እጅ እህል፣ ስንት እጅ ጥራጥሬ። ገንፎው ይቀመሳል፣ ሕፃናቱ አንድ ጊዜ ይጎርሳሉ፣ ገሚሱ ይተፋሉ፣ ሰው ይበተናል። እናቲቱ ቤቷ ስትገባ የሚገጥማት ጥያቄ ግን «ሲተፋስ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ማሳያው በአንድ ቀን ባያልቅ፣ ያው ሕፃን ያንኑ ምግብ በየሳምንቱ እየመጣ ቢቀምስና ለውጡ በእናቶቹ ዐይን ቢታይ መልካም ነው። አያቶችና አማቶችም ይጠሩ፤ በብዙ ቤት የመጨረሻውን ቃል የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።